ከወደቀ ላባ እስከ ዘረመል መረጃ፦ በጅማ አካባቢ ጥንብ አንሳንና ንስርን ለመጠበቅ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በጅማ ቄራ ዙሪያ፣ በቆሻሻ መጣያ ዳርና በትልልቅ ዛፎች ላይ ሰፍሮ የምናየው ጥንብ አንሳ መንቁሩ ቀጭን፣ ፊቱ የተላጠና ሮዝማ፣ ላባው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኔክሮሲርተስ ሞናኩስ ይባላል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንን ወፍ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ አስገብቶታል። ነጭ ጀርባ ያለው ጥንብ አንሳና የሩፔል ጥንብ አንሳም በዚያው ዓመት እዚያው ደረጃ ላይ ተመድበዋል። በየዕለቱ ስለምናየው የተትረፈረፈ ይመስለናል፤ ነገር ግን ይህ ወፍ በአንድ የመራቢያ ወቅት የሚጥለው እንቁላል አንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ በጊኒ ቢሳው ወደ 2,000 የሚጠጉ የዚህ ዝርያ ወፎች በመርዝ አልቀዋል። በዓመት አንድ ጫጩት የሚያሳድግ ወፍ እንዲህ ያለውን ኪሳራ በቶሎ አይተካም።

ቆጠራ ብቻውን የማይመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። ዛሬ ጠዋት ቄራው ላይ ሠላሳ ጥንብ አንሳ ብንቆጥር፣ ነገም ሠላሳ ብንቆጥር፣ ያው ሠላሳ ወፍ ነው ወይስ ሌላ? ስንቱ ወንድ፣ ስንቱ ሴት ነው? ወንዱና ሴቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ በዓይን መለየት አይቻልም። ወፉን ሳንይዝ፣ ሳናስደነግጥ፣ ጎጆው ላይ ሳንወጣ መልሱን ማግኘት የምንችለው ራሱ ጥሎት ከሄደው ላባ ነው። ይህ መመሪያ ለተማሪዎች፣ ለዱር እንስሳት ክበብ አባላት፣ ለደን ባለሙያዎችና ለጀማሪ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ በአብዛኛው የሚበላሸው ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት ስለሆነ፣ በመስኩ ሥራ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ

«የጅማን አሞራዎች ዘረመል ማጥናት» የሚለው የሥራ ርዕስ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄ ግን አይደለም። ጥያቄው መልስ ሲያገኝ የአንድን ሰው ወይም የአንድን መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሊለውጥ ይገባል። ለምሳሌ «በዓመት ውስጥ ቄራውን የሚጠቀሙት የተለያዩ ጥንብ አንሳዎች ስንት ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ሃምሳ ከሆነና መልሱ አምስት መቶ ከሆነ፣ የቄራውን ተረፈ ምርት በአንድ ጊዜ ለመዝጋት የሚወጣ ዕቅድ የሚያስከትለው ጉዳት አንድ አይሆንም።

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለው፣ በለጠ ጌራ በሚባለው ጫካ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ጉሬዛና ሌሎች ዝንጀሮ መሰል እንስሳትን የሚያድነው ዘውዳማው ንስር ሰፊ ግዛት ይዞ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት አንድ ጫጩት ያሳድጋል። እዚህ መጠየቅ ያለበት «በዚህ ጎጆ ያለው ጥንድ አምና የነበረው ነው ወይስ ተተክቷል?» የሚለው ነው። ጎጆው በየዓመቱ ወፍ ባይለየውም ባለቤቶቹ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየሩ ከሆነ፣ ዐዋቂዎቹ እየሞቱ ነው ማለት ነው። በካዛክስታን ናውርዙም በተባለው ጥብቅ ስፍራ በንጉሠ ነገሥት ንስሮች ላይ ተመራማሪዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል፤ ከጎጆ ሥር በለቀሙት ላባ እያንዳንዱን ወፍ እየለዩ ወላጅነትን አረጋግጠዋል።

ጥያቄው መሣሪያውን ይመርጣል። ዝርያን ለመለየት የማይቶኮንድሪያ (ለሴል ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ዲኤንኤ አጭር ክፍል ይበቃል። ለጾታ ሲኤችዲ1 የሚባለው ዘረመል አለ። አንዱን ወፍ ከሌላው ለመለየት ደግሞ ማይክሮሳተላይት የሚባሉት ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ክፍሎች እንደ ጣት አሻራ ያገለግላሉ። የጅማ ወፎች ከጋምቤላ ወይም ከአዲስ አበባ ወፎች ጋር ይዳቀላሉ ወይ የሚለው ከሁሉም ከባዱ ሲሆን፣ ከየቦታው በቂ ናሙና ይጠይቃል። ይህንን በጅማ ላባ ብቻ ለመመለስ አትሞክሩ።

ፈቃድ

መሬት ላይ የወደቀ ላባም ቢሆን የዱር እንስሳ ናሙና ነው። የዱር እንስሳት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የሚመራ ሲሆን፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ከናሙናው ዲኤንኤ ለማውጣት ሲታሰብ ደግሞ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን (ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም ፈቃድን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመጣል፤ ይህ በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በኩል ያልፋል። በለጠ ጌራ ጫካ ለመግባት የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝን፣ ቄራ ለመግባት አስተዳደሩን ማነጋገር ያስፈልጋል። ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የሳይተስ፣ ማለትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ ፈቃድም ይጨመራል፤ ንስርና ጥንብ አንሳ በዚህ ስምምነት ሥር ናቸው።

ወረቀቱ አሰልቺ ነው፤ ያለ እርሱ የተሰበሰበ ናሙና ግን በኋላ በየትም አይታተምም፣ በየትም አይቀርብም። ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ ቆጠራውንና ፎቶግራፉን መጀመር ይቻላል።

መቼና የት

የጅማ ዝናብ የዲኤንኤ ጠላት ነው። እርጥብ መሬት ላይ ያደረ ላባ ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ ስለሚባዙ፣ የወፉ ዲኤንኤ ቶሎ ይቆራረጣል። ጠራራ ፀሐይም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ዋናው የመሰብሰቢያ ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት ቢሆን ይመረጣል። በክረምት የግድ ከሆነ ቦታውን በየቀኑ ማለዳ መጎብኘት፣ የአዳር ላባ ብቻ ማንሳት ያስፈልጋል።

ጥንብ አንሳዎች ከሚያድሩባቸው ዛፎች ሥር የሚገኘው ላባ ቄራው ውስጥ ከሚገኘው ይሻላል፤ ደም፣ ፈርስና የዶሮ ላባ አልተቀላቀለበትም። ዛፎቹን ለማወቅ ከሁሉም በፊት የቄራ ሠራተኞችንና ጥበቃዎቹን ጠይቁ። አሞራው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ማታ የት እንደሚሰፍር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ቀርባችሁ ሰላም ብላችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ አስረድታችሁ፣ ላባ ሲያዩ እንዳይጠርጉት ብትነግሯቸው ሥራው በግማሽ ይቀላል። በጎጆ ሥር ስትሰበስቡ ግን ፈጥናችሁ ውጡ፤ የተደናገጠች እናት እንቁላሏን ወይም ጫጩቷን ለፀሐይና ለቁራ ጥላ ልትነሣ ትችላለች።

ላባውን ማንሳት

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ርካሽ ናቸው፦ የእጅ ጓንት፣ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ፣ የወረቀት ፖስታ፣ እርሳስ፣ ቦታ የሚያነብ ስልክ፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልና ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን። ፌስታል አትጠቀሙ። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል፤ ላባው በአንድ ሌሊት ይሻግታል።

አንድ ላባ፣ አንድ ፖስታ። ሁለት ላባ አንድ ዛፍ ሥር ተጠጋግተው ቢገኙና ከአንድ ወፍ የወደቁ ቢመስሉም ለየብቻ ይታሸጉ። ከአንድ ወፍ መሆን አለመሆናቸውን የሚወስነው ላቦራቶሪው ነው።

የክንፍና የጅራት ትልልቅ ላባዎችን አስቀድሙ። የአንዱን ላባ አገዳ አገላብጣችሁ ተመልከቱ፦ ከታች ቆዳው ውስጥ ተተክሎ የነበረው ጫፍ ባዶና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከዚያ ወደ ላይ አገዳውን ስትከተሉ፣ በታችኛው ፊት በኩል የላባው ጭራሮ በሚጀምርበት ቦታ ሌላ ጥቃቅን ቀዳዳ ታገኛላችሁ። እዚያች ላይ አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ቀይ ነጥብ ትታያለች። ላባው ሲያድግ የነበረው የደም ሥር ሲደርቅ የቀረ የረጋ ደም ነው። ከወደቀ ላባ ውስጥ ከሁሉም የተሻለ ዲኤንኤ የሚገኘው እዚህ ነው፤ የታችኛው ጫፍ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ እንኳ ይህቺን ነጥብ ይዞ የቀረ ላባ አይጣልም። ሜዳ ላይ ግን ምንም አትቁረጡ፤ ሙሉ ላባውን ይዛችሁ ሂዱ።

ለእያንዳንዱ ላባ የጥራት ደረጃ ስጡት። ንጹሕ፣ ደረቅና አገዳው ያልተሰነጠቀ ከሆነ «ሀ»፤ ጥቂት የቆሸሸ ከሆነ «ለ»፤ የነጣ፣ የተበላና የሻገተ ከሆነ «ሐ» በሉት። ገንዘቡ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ነው።

የሞተ ወፍ ካገኛችሁ በእጅ አትንኩ። የወፍ ጉንፋን ሊኖር ይችላል፤ መርዝም ሊሆን ይችላል። ፎቶ አንሥታችሁ፣ ቦታውን መዝግባችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳውቁ፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይህንን የሚረዱ ባለሙያዎች አሉ። ዲኤንኤ የሟቹን ማንነት ይነግራል፤ የገደለውን መርዝ ግን አይነግርም። ለዚያ ጉበትና ኩላሊት ለመርዝ ምርመራ መወሰድ አለበት። የደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎችን የፈጀው ለከብት የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 የታወቀው የሞቱት ወፎች ሬሳ ተመርምሮ ነው። ሕንድ መድኃኒቱን ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር።

መዝገቡ

እዚህ ላይ አገራችን የራሷ ወጥመድ አላት። «12/4» ብሎ የጻፈ ሰው ታኅሣሥ 12 ማለቱ ነው ወይስ ኤፕሪል 12? «3 ሰዓት» ያለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ? በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ካለ መዝገቡ ሁሉ ዋጋ ያጣል። ከመጀመሪያው ቀን አንዱን አቆጣጠር ምረጡና የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ ሰዓቱንም «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብላችሁ አስከትሉ። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በቁቤ ሲጽፈው አንድ ሰፈር ሁለት ይሆናል። ቦዬ ረግረግ፣ ጅሬን፣ ሂርማታ ብላችሁ ስትጽፉ የስልኩን መገኛ ቁጥር ከጎኑ አስፍሩ።

በፖስታው ላይ በእርሳስ የመለያ ቁጥር፣ ቀን፣ መገኛና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። እስክሪብቶ በዝናብ ይፈሳል። በደብተሩ ላይ ደግሞ የታዩት ወፎች ብዛት፣ ዕድሜያቸው የሚገመት ከሆነ ዕድሜያቸው፣ በቄራው የዕለቱ ዕርድ መብዛት አለመብዛቱ ይጨመራል። የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ። በዐቢይ ጾም፣ በፋሲካ ማግስት፣ በረመዳንና በዓረፋ የሚታረደው ከብት ብዛት ስለሚለያይ፣ ወደ ቄራው የሚመጣው አሞራም ይለዋወጣል። ይህ ካልተመዘገበ የጾሙን ውጤት የወፍ መመናመን አድርጎ የሚተረጉም ሰው ይመጣል።

ማቆየት

ፖስታዎቹን ሲሊካ ጄል ባለበት ሳጥን ውስጥ ጨለማና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ጄሉ ቀለሙን ሲቀይር አድርቁት ወይም ለውጡት። ፍሪዘር ካለ ጥሩ ነው፤ መብራት እየጠፋ የሚቀልጥና የሚበርድ ፍሪዘር ግን ደረቅ ሳጥንን አይተካም።

ዲኤንኤ ማውጣት

ጥቂት ዲኤንኤን የሚያባዛው የፒሲአር ማሽን በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት በአገሪቱ ብዙ ላቦራቶሪዎች ገብቷል። አስቸጋሪው ማሽኑን ማግኘት ሳይሆን ንጹሕ ቦታ ማግኘት ነው። የዶሮ ናሙና የሚሠራበት ክፍል ውስጥ የጥንብ አንሳ ላባ አትክፈቱ፤ ለወፎች ሁሉ የሚሠሩ ፕራይመሮች (የሚባዛውን ክፍል የሚያመለክቱ አጫጭር ዲኤንኤዎች) የዶሮንም ዲኤንኤ ያበዛሉ። ማውጫው ክፍል ፒሲአር ከሚሠራበት ክፍል የተለየ ይሁን፤ ሠራተኛውም ከፒሲአር ክፍል ወደ ማውጫው አይመለስ።

በአዲስ ምላጭ ከላባው የታችኛው ጫፍ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል፣ ከላይኛዋ ቀዳዳ ደግሞ የረጋውን ደም የያዘውን ክፍል ቁረጡ። ለእያንዳንዱ ላባ ምላጩ ይለወጥ። ቁራጩን አድቅቃችሁ ሴል በሚያፈርሰው ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲን ከሚያፈርሰው ኢንዛይም ከፕሮቲኔዝ ኬ ጋር በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳድሩት። ላባ እንደ ጥፍር ከኬራቲን የተሠራ ስለሆነ በፕሮቲኔዝ ኬ ብቻ በደንብ አይፈርስም፤ ዲቲቲ የሚባለውን ኬሚካል ጨምሩበት። በማግስቱ በሲሊካ ማጣሪያ ዘዴ አጥባችሁ ዲኤንኤውን ከ50 እስከ 100 ማይክሮሊትር በሚሆን ጥቂት ፈሳሽ አውጡት። ብዙ ፈሳሽ ከተጠቀማችሁ ጥቂቱ ዲኤንኤ ይቀጥናል።

በእያንዳንዱ ዙር ላባ የሌለበት አንድ ባዶ ቱቦ አብሮ ይሠራ። ባዶው ቱቦ ዲኤንኤ ካሳየ የዚያ ዙር ውጤት በሙሉ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። በዚህ ላይ መደራደር የለም። የዲኤንኤውን መጠን የሚለካው መሣሪያ ትልቅ ቁጥር ቢያሳይም አትደሰቱ፤ የባክቴሪያንም ዲኤንኤ አብሮ ይቆጥራል።

ዝርያ፣ ጾታና ማንነት

ለዝርያ ከማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሳይቶክሮም ቢ ወይም የሲኦአይ ክፍል በፒሲአር ተባዝቶ፣ ቅደም ተከተሉ ተነቦ፣ ጄንባንክና ቦልድ ከሚባሉት ክፍት የመረጃ ቋቶች ጋር ይነጻጸራል። የሩፔልና ነጭ ጀርባው ጥንብ አንሳ የቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ አንድ አጭር ክፍል ብቻ ተይዞ በድፍረት አይለይም፤ ሁለተኛ ክፍል መጨመር ያስፈልጋል።

ጾታ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። በወፎች ሁለት የተለያዩ የጾታ ክሮሞሶሞች ያሏት ሴቷ ናት፤ ዜድና ደብልዩ። ወንዱ ሁለት ዜድ አለው። ስለዚህ የተባዙት የዲኤንኤ ክፍሎች በርዝመታቸው በሚለዩበት ጄል ላይ ሴቷ ሁለት መስመር፣ ወንዱ አንድ መስመር ያሳያሉ። 2550ኤፍና 2718አር በሚባሉት ፕራይመሮች የዜዱ መስመር ከ600 እስከ 650፣ የደብልዩው ከ400 እስከ 450 ቤዝ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ይወጣል። ያረጀ ላባ ላይ ረጅሙ ክፍል ሳይባዛ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ አንድ መስመር ብቻ ያየ ጀማሪ «ወንድ» ብሎ ይጽፋል፤ መስመሩ ግን 450 ላይ ከሆነ ሴት ናት። የመስመሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ቦታውን አንብቡ። ጾታቸው አስቀድሞ የታወቀ የአንድ ወንድና የአንድ ሴት ናሙና ሁልጊዜ ከጎን ይሂድ።

ለማንነት ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ማይክሮሳተላይቶች ይሠራሉ። በወደቀ ላባ ላይ ትልቁ ስሕተት ወፉ ከእናቱና ከአባቱ ከወረሳቸው ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሳይታይ መቅረቱ ነው፤ ይህ አንድን ወፍ ሁለት ያስመስላል። መድኃኒቱ መደጋገም ነው፦ ሁለት ቅጂ ያሳየ ውጤት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያሳየ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተደግሞ ያው ሲወጣ ይመዘገብ። በአንድ ማይክሮሳተላይት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ላባዎች ካሉ አዲስ ወፍ አገኘን ከማለታችሁ በፊት ድገሙት። ወንድማማቾችን እንኳ ለመለየት ማይክሮሳተላይቶቹ መብቃታቸውንም አስሉ። አንዱ ወፍ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ ተገኘ የሚለው ከታወቀ በኋላ፣ ካፕዋየር በሚባለው ፕሮግራም ላባቸው ያልተገኘውን ጨምሮ ጠቅላላውን ብዛት መገመት ይቻላል።

ውጤቱ ሲነበብ

የዘረመል ስብጥሩ ሰፊ ሆኖ ቢገኝ «ወፎቹ ደህና ናቸው» ማለት አይደለም። ንስርና ጥንብ አንሳ ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ፣ ቁጥራቸው ከወደቀ በኋላም የድሮው ስብጥር በቀሩት ዐዋቂዎች ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ይህ በእኔ እምነት በዘገባ ውስጥ በጉልህ ሊጻፍ የሚገባው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ችላ ከተባለ የጥበቃ በጀት ለመቀነስ ሰበብ ይሆናል።

ዝርዝር መዝገብ የት እንደሚያደርስ ለማየት የካሊፎርኒያ ኮንዶርን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጨረሻው ከዱር ሲያዝ በዓለም የቀሩት 27 ነበሩ። የትኛው ከየትኛው እንደሚጣመር የዝምድና መረጃ እየታየ ስለተወሰነ፣ ገዳይ የሆነውን የድንክነት ችግር የተሸከሙትን መለየትና መጠንቀቅ ተችሏል። ከ900 በላይ ወፎች የዘረመል መዝገብ ስለነበራቸውም እ.ኤ.አ. በ2021 ያለ አባት የተፈለፈሉ ሁለት ጫጩቶች እንደነበሩ ታውቋል። ማንም ይህንን ለመፈለግ አልተነሣም፤ መዝገቡ ሲጣራ የተገኘ ነው።

ለሚወስነው ሰው ማድረስ

ለቄራው አስተዳደርና ለከተማው ጽዳት ክፍል አንድ ገጽ በቂ ነው፦ ስንት ወፍ እንደሚጠቀምበት፣ በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ የትኛው ዛፍ መቆረጥ እንደሌለበት ይጻፍ። ውሻና ጅብ ለመግደል የሚበተን መርዝ ጥንብ አንሳውንም እንደሚገድል በዚያው ገጽ ላይ ይስፈር። ገጹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ። የጎጆዎችን ትክክለኛ መገኛ ግን በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም አታውጡ፤ ለባለሥልጣኑና ለኢንተርፕራይዙ ብቻ ስጡ። ላባውን ሳይጠርጉ ያቆዩላችሁ የቄራ ሠራተኞችም ውጤቱን ከእናንተ አፍ ይስሙ።

ከተቆረጠው ላባ የቀረውን አትጣሉ። በሞሪሽየስ ደሴት የሚኖረው ጭልፊት እ.ኤ.አ. በ1974 በዱር የሚታወቁት አራት ብቻ ነበሩ። በፊት ምን ያህል ስብጥር እንደነበረውና ምን ያህሉን እንዳጣ ሊታወቅ የቻለው በሙዚየም የተቀመጡ አሮጌ ናሙናዎች ተመርምረው ነው። የቀረውን ላባ በዚያው ፖስታ፣ በዚያው መለያ ቁጥር መልሱት፤ የመዝገቡን ቅጂ አያይዛችሁ የት እንደሚቀመጥ ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱ ጋር በፈቃዱ ውል ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ።